ዳገት ላይ የምታስለው መኪና

ሾፌሩ ጠና በዚያች አሮጌ የመንግሥት መኪና የተነሳ ሊታሰር ነው እያለ የሆሳዕና ከተማ በሙሉ ያወራል።

መኪናዋ በሌላ ቀን ደህና ትሄዳለች። ካድሬው ጓድ ኃይለሚካኤል ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሊያሳፍስ የተሳፈረባት ቀን ግን ዳገት ላይ ታስላለች፣ ትንዘፈዘፋለች፣ ቀይዋ መብራት ቦግ ትልና ቀጥ። ታጣቂዎቹ በእግር እስኪደርሱ ጎረምሳው ሁሉ እንሰት ውስጥ ገብቷል። አንጋጫ ላይ እንዲህ ሆነ፣ ዳምቦያም እንዲሁ።

ካድሬው ሾፌሩን ከነመኪናው ወደ መካኒኩ ዳኘ ጋራዥ ነዳው።

“አሻጥር ከሆነ ንገረኝ። ይህ ሰው ዛሬውኑ ይሄዳል” አለው መካኒኩን።

የት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ለአፈሳ የምትወጣ መኪና ሁሉ በዋዜማው የምትፈተሸው በዳኘ እጅ ስለሆነ ቃሉ ይታመናል። ዳኘ ደግሞ ጠናን አምርሮ ይጠላዋል። አምና አንድያ ልጁ ሀብቴ ታፍሶ በዚህችው መኪና ተጭኖ ሄዶ በዚያው ቀረ። መሪውን የያዘው ጠና ነበር።

“ራቅ በል! እኔ ስሠራ ሾፌር አጠገቤ አይቆምም” አለው ዳኘ።

ከጆሮው ላይ እርሳሱን መዘዘና ለሞተሩ እሳት የሚያደርሱትን የካንዴላ ገመዶች ቅደም ተከተል ማዶ ያለው ጣውላ ላይ ሊጽፍ ሄደ።

“ምን ያመላልስሃል? እዚያው ሞተሩ ላይ አትጽፍም?” አለ ካድሬው።

“እርሳስ ኮረንቲ ይስባል፣ ጓድ። ሞተር ላይ አይጻፍም።”

ሞተሩን አስነስቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን ሲነቅል ሞተሩ ተንገዳገደ። ሦስተኛው ሲነቀል ግን የሞተሩ ድምፅ ምንም አልተለወጠም። ዳኘ ሞተሩን አጠፋ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ጥቁር ክዳን ከፍቶ አየ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ አደረገው። ከዚያ ጠናን ረጅም ጊዜ አፍጥጦ ተመለከተው። ጠና በልቡ ልጆቹን ተሰናበተ።

“እርጅና ነው” አለ ዳኘ። “አዲስ ዕቃ ካልመጣ እንዲሁ ስታስል ትኖራለች።”

ካድሬው እየተነጫነጨ ወጣ። ጠና እንባው መጣ።

“ጋሼ ዳኘ፣ ነፍሴን...”

“አታመስግነኝ። ልጄን ወስደህብኛል። ነገ ወዴት ናችሁ?”

“ፎንቆ።”

“ቁልፉን አስቀምጥና ከፊቴ ጥፋ። ጠዋት ትወስዳታለህ።”

በማግስቱ ፎንቆ ሳይደርሱ ዳገቱ ላይ መኪናዋ አሰለች፣ ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። ጠና ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጥቁር ክዳን በራሱ እጅ አነሳው።

ውስጡ፣ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው፣ ቀጭን የእርሳስ መስመር ተሰምሮበታል።

“ምንድነው?” ብሎ ጮኸ ካድሬው ከመስኮት፣ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ።

ጠና ክዳኑን መልሶ ገጠመና “እርጅና ነው፣ ጓድ” አለ።