ሰባተኛው መስመር

ኦቦ ጂብሪል እጅጌያቸውን ሰብስበው የካሮቱ መደብ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይላሉ። «ከዚህ ጥግ ነው የምጀምረው» ይሉኛል። «ቅጠሉ የሚያምረው እዚህ ነው።»

«እንደወደዱ» እላለሁ።

አከራዬ ናቸው። ነርስ ሆኜ ጭሮ ከተመደብኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የኖርኩትም እሳቸው ግቢ ነው። «በዚህ ድንጋይ ውስጥ ካሮት?» ብለው ስቀውብኝ ሲያበቁ የጓሮዋን ቁራጭ መሬት በአንድ ውል ሰጡኝ፦ ካሮቱ ቀጥ ብሎ ከወጣ መሬቷ የኔ ናት፤ ከተጣመመ ጫት ይተከልባታል። የጫቱ ችግኝ ከትናንት ጀምሮ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ አጥሩን ተደግፏል። ኦቦ ጂብሪል ቃላቸው ቃል ነው።

እኔም ለጨዋታ አልዘራሁም። ይህቺን መሬት እወዳታለሁ። በዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የምሄደው ወደ እሷ ነው። ክንድ ሙሉ ቆፍሬ፣ አፈሩን በአሮጌ የአልጋ ሽቦ ነፍቼ፣ ሦስት ጋሪ ድንጋይ አውጥቼባታለሁ። ዘሩን ከአሸዋ ቀላቅዬ በስድስት መስመር ዘራሁ፤ እስኪበቅል እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። ሲበቅል ደግሞ በየሁለት ጣቱ አንድ አንድ እያስቀረሁ የተረፈውን ነቀልኩ። ያን ቀን ኦቦ ጂብሪል «ነፍስ ያለውን ነቅለሽ ትጥያለሽ?» ብለው እስከ ማግስቱ አኮረፉኝ።

በሳምንቱ ጥጉ ላይ ሰባተኛ መስመር አገኘሁ። የጣልኳቸው ቡቃያዎች ተሰልፈው ተተክለዋል፣ ትኩስ የፍየል በጠጥም ተደርጎላቸዋል። ማን እንደተከላቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዕድሜ ልኩን ጫት ሲተክል የኖረ ሰው ችግኝ ተጥሎ ሲያይ ያንገበግበዋል። ሽማግሌ በደግነት የተከለውን በየትኛው እጄ ልንቀለው? እንዳላየሁ ሆኜ ተውኩት።

አሁን የያዙት እሱን ነው።

«ቢስሚላህ» ብለው ይስባሉ። ካሮቱ ሁለት እግር አለው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጠምዟል። ሌላ ይነቅላሉ፤ ባለሦስት እግር። ባለቤታቸው አዴ ሙና ከበሩ ላይ ሆነው «ዋ!» ይላሉ።

ያሸነፈ ሰው ፊት አይደለም የማየው። ኦቦ ጂብሪል ችግኛቸውን አያዩም፣ እኔንም አያዩም። ያኔ ይገባኛል፤ በራሳቸው መስመር የጀመሩት ምርጡን ነቅለው መሬቷን ለእኔ ሊያስቀሩልኝ ኖሯል። አንጀቴን ይበሉታል።

«ኦቦ ጂብሪል፣ የእርስዎን አየን» እላለሁ። «አሁን ደግሞ የእኔን ይንቀሉ።»

ቀና ይላሉ። «አውቀሻል እንዴ?»

«ስድስት ዘርቼ ሰባት ሲበቅል እንዴት አላውቅ?»

አዴ ሙና ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። «ወላሂ፣ ታውቃለች ብዬ ነግሬዋለሁ! አንቺ ሥራ ስትሄጂ ጠብቆ ውሃ ያጠጣቸዋል።»

ኦቦ ጂብሪል ወደ ሦስተኛው መስመር ይሻገራሉ። እርግጠኛ ነኝ፤ ያም ሆኖ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን አያለሁ። ይስባሉ። ካሮቱ ቀጥ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ከመዳፋቸው የረዘመ ሆኖ ይወጣል። አላመኑም፤ ከአምስተኛው ይነቅላሉ፣ ከመጀመሪያው ይነቅላሉ። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

«ማሻአላህ» ይላሉ፣ አንዱን በሸሚዛቸው እየጠረጉ። «እሺ፣ የኔን ምን ነካው?»

«ካሮት እንደ ጫት ተነቅሎ አይተከልም። የሥሩ ጫፍ አንዴ ከተነካ እግር ያወጣል። ትኩሱ በጠጥ ደግሞ አባሰው። እሱ የሚወደው የተዘራበት መቅረት ነው።»

በእጃቸው ያለውን ካሮት ያገላብጣሉ። «አንቺ ግን ተነቅለሽ መጥተሽ ጸድቀሻል።»

«እኔማ ጫት ነኛ!»

አሁን እሳቸውም ይስቃሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ይነሱና ወደ አጥሩ ይሄዳሉ። የጫቱን ችግኝ ፈትተው ከቤታቸው ኋላ ጥላ ሥር ያጋድሙታል። ጆንያውን ግን አራግፈው፣ እንደረጠበ ይዘውት ይመለሳሉ፤ ካሮቱ በተነቀለበት ባዶ አፈር ላይም ለቀጣዩ ዘር ጎንበስ ብለው ያነጥፉታል።