አራተኛው ቁጥር

«በጥንቶቹ የወንጌል ቅጂዎች ውስጥ ይህ ቁጥር የለም» ትላለች ኬዋ፣ ጣቷን ከገጹ ላይ ሳታነሳ። «መልአክ እየወረደ ውሃውን ያናውጥ ነበር፣ ቀድሞ የገባውም በሽተኛ ይድን ነበር የሚለው፣ አራተኛው። ኋላ ሰው የጨመረው ነው።»

ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ደስ ብሏት ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ ከሆላንድ ወደ አዶናራ ደሴት ከተመለሰች ወዲህ በሰፈሩ ጸሎት ላይ የምትናገረው ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሌሎቹ በየተራቸው ልባቸውን የነካውን ቃል ሲናገሩ፣ እሷ ነካኝ የምትለው አጥታ፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ጉሮሮዋን ስትጠርግ ከርማለች። ዛሬ ግን የምታውቀው ገጽ ላይ ደረሱ።

የከሰዓት ፀሐይ በቀርከሃው ግድግዳ ይሾልካል። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ወደ ጥጉ ይዞራሉ፤ አጎቷ ባፓ ኮፖንግ ትራስ ተደግፈው ወደ ተቀመጡበት። የዘንባባ ጠጅ ሊቀዱ ዛፍ ወጥተው ከወደቁ ወዲህ እግራቸው አልተንቀሳቀሰም።

«እና ማንም አይወርድም ነበር?» ይላሉ ባፓ ኮፖንግ።

«ማለቴ... ጽሑፉን ነው እንጂ...»

«ታዲያ ያ በሽተኛ እዚያ ውሃ ዳር ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲጠብቅ ነበር?»

ኬዋ መልስ አላት። ኢየሱስ ራሱ መጥቶ ያለ ውሃ፣ ያለ መልአክ አዳነው ማለት ትችላለች፤ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ያንን ለማለት ግን ማመን ያስፈልጋል። እሷ ደግሞ ማመን ካቆመች ቆይታለች።

«እኔን እንኳ ዛሬ የነካኝ» ይላሉ ሽማግሌው፣ «‹ሰው የለኝም› ያለው ነው። ውሃው ሲናወጥ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም።»

«ኧረ ተው ኮፖንግ! እኛስ ምንድን ነን፣ ፍየል?» ይላል ጸሎቱን የሚመራው ባፓ ቱቶ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ነገ እንሸከምሃለን አላልንህም? ወንበሩ እንኳ ተዘጋጅቷል!»

ነገ የዮሐንስ በዓል ነው። ማለዳ ባሕሩ ሲሸሽ ከአሸዋው ሥር ምንጭ ይፈላል፤ በሽተኛ ያለው፣ ይድናል ብሎ፣ በሽተኛውን አዝሎ ይወርዳል። ባፓ ኮፖንግ በየዓመቱ እምቢ ሲሉ ኖረው፣ ዘንድሮ ሚስታቸው ማማ ባሬክ ለምነው፣ አልቅሰው፣ አኩርፈውም በስንት መከራ እሺ አሰኝተዋቸዋል።

«ተዉት» ይላሉ አሁን ባፓ ኮፖንግ። «የማንንም ወገብ አላጎብጥም። ለባዶ ውሃ።»

«ባፓ፣ እኔ እኮ...»

«አይ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽውን ነው የተናገርሽው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ተሸካሚ ከተባሉት ወንዶች አንዱ በቀስታ እፎይ ሲል ታየዋለች። ያሳረፈችው እሷ ናት።

ባፓ ቱቶ መጽሐፉን አጥፎ እንደ ልማዱ የመጨረሻውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ «እንግዲህ ቃሉ በዚህ ሳምንት ምን አድርጉ ይለናል?»

«የጸሎት ቤቱን ግቢ እንጥረግ!»

«ባለፈውም እሱኑ አይደል እንዴ የጠረግነው?»

«ቅጠሉ መቼ መርገፍ አቆመ?»

ይስቃሉ፤ ይስማማሉ፤ የተቀቀለ ካሳቫቸውን በሚጥሚጣ በልተው ይወጣሉ።

ማማ ባሬክ ባዶውን ሳህን ከኬዋ እጅ ይቀበላሉ። «የተማረ ሰው ቤት መምጣቱ ጥሩ ነው» ይላሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን መልአኩን ከምትወስጂብኝ ዶሮዬን ብትወስጂ ይሻለኝ ነበር።»

ኬዋ ጥጉ ላይ የቀሩትን ባፓ ኮፖንግን ታያለች። ልጅ ሳለች፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ወደ ትምህርት ቤት ያሻገራት የእኚህ ሰው ትከሻ ነው። ደብተሯን እንዳይርስ አናታቸው ላይ አድርጋ፣ እግሯን ደረታቸው ላይ አንጠልጥላ። አሻግረዋት፣ አሻግረዋት፣ እዚህ ደረሰች።

ወደ ጥጉ ትሄድና ጀርባዋን ሰጥታቸው ትንበረከካለች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ይያዙኝ።»

«በዓሉ እኮ ነገ ነው። አሁን ባሕሩ ሞልቷል፣ ምንጩም አይታይ።»

«ግድ የለም።»

«ደግሞ አንቺ የሸንበቆ ቁራጭ! ሁለታችንንም ሰብረሽ ለባሬክ ልታስታቅፊያት ነው።»

«ይያዙኝ አልኩ፣ ባፓ።»

ክንዳቸው አንገቷን ይዞራል። ስትነሳ የፈራችው ክብደት የለም፤ ባዶ ቅርጫት ያዘለች ይመስላታል፣ ይህም ከክብደት ይብስባታል። ማማ ባሬክ በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ።

ባሕሩ ዳር ማንም የለም። ውሃው ሞልቶ፣ ረግቶ፣ የተወለወለ ትሪ መስሎ ተኝቷል። ኬዋ ዳሩ ላይ ትቆማለች። ሽማግሌው በትከሻዋ ላይ አሻግረው ውሃውን ያያሉ፤ ትንፋሻቸው ጆሮዋ ሥር ቆም ይላል። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ታውቃለች።

ምንም አይንቀሳቀስም።

«ቀስ በይ» ይላሉ በመጨረሻ። «የባሕር ጃርት አለ።»

ጫማዋን ሳታወልቅ አንድ እግሯን ታስገባለች። በእግሯ ዙሪያ ውሃው ይናወጣል፤ ክቡ እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ ወደ ጥልቁ ይሄዳል።