ከል እና ፍልውሃ

«ተነሺ እማዬ፣ ያ የእንግዶች ቦታ ነው» አለኝ ልጄ ያኮቮስ።

«እንግዶችህ የት አሉ?»

የመርከብ ሠራተኞች አድማ ስለመቱ የልጄን ጀልባ የተከራዩት ቱሪስቶች አቴንስ ቀርተዋል። የጠበስኩት ዓሣ፣ ቀቅዬ የፈጨሁት ክክ፣ በረዶ ውስጥ የተቀመጠው ነጭ ወይን፣ ሁሉም ተጭኖ ባለቤት አጥቷል። ሰባት በጋ ሙሉ ለዚህች ባለሸራ ጀልባ ምግብ ሠርቼ ወደቡ ድረስ ተሸክሜ አምጥቻለሁ። አንድም ቀን ተሳፍሬባት አላውቅም። ማን ተሳፈሪ ብሎኝ።

ትራሱን ከወገቤ ሥር አስገብቼ እግሬን ዘረጋሁ። «በእሳተ ገሞራው ዙሪያ ውሰደኝ» አልኩት። «ለእነሱ የምታደርገውን ሁሉ ለእኔም አድርግ።»

ያኮቮስ ጭንቅላቱን አከከ። ልጄ ደግ ነው፤ ችግሩ አጎቱን ይፈራል። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ወንድሙ ነክታሪስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይሾሙት የቤታችን አዛዥ ሆኗል። ከሌን ስለማውለቅ አንድ ሁለቴ ባነሳ «የወንድሜ ሚስት ከል ለብሳ ነው የምትቀበረው» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ባሌን ደግሞ ባሕር አልበላውም። እግር ኳስ እያየ፣ ዳኛውን እየተሳደበ፣ ወንበሩ ላይ ነው ያረፈው። ነፍሱን ይማር። ባሕሩ ምን አደረገኝና ነው የምኮርፈው?

ሄድን። ገደሉ አናት ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ቤቶች እያነሱ እያነሱ መጡ። የእኔን ለየሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ወለሉን የወለወልኩት ቤት ከዚህ ሲታይ የጨው ፍርፋሪ ያህላል። ተናደድኩ።

ፍልውሃው ከባሕሩ ጋር ከሚቀላቀልበት ድንጋይ ፊት ለፊት መልህቅ ጣልን። ጀልባዋ ሥር ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሲጠጋ ይቀላል። የድኝ ሽታ አለው።

«እንግዶቹ ከዚህ ነው የሚዘሉት?»

«አዎ። አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ እዪ።»

ተነሥቼ የቀሚሴን ቁልፍ መፍታት ጀመርኩ።

«እማዬ፣ አፈር ስሆን ተይ። ሰው ያያል።»

«ይየኛ።»

«ውስጥ የለበስሽው ደግሞ ነጭ ነው። ይሄ ውሃ እንደ ዝገት ያቀልመዋል፣ አይለቅም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ጥቁር ስለብስ ማንም ስለ ቀለም አልተጨነቀልኝም» አልኩና ቀሚሴን ወንበሩ ላይ ወርውሬ ዘለልኩ።

ቅዝቃዜው ትንፋሼን አሳጣኝ። ዋና የተማርኩት በስምንት ዓመቴ ነው፣ አሁን ስልሳ አንድ ሞልቶኛል። ክንዴ ግን አልረሳም። ከውሃው ብቅ ስል ከጎናችን አንድ ትልቅ የእንጨት መርከብ መልህቁን ይጥላል፤ ቱሪስት ጢም ብሎበታል። የነክታሪስ ነው። መጠጥ መሸጫው ጋ ሚስቱ ፎቲኒ ቆማለች። ለአባቷ የለበሰችው ከል ሳይወልቅ ወንድሟ ሞተ፣ ከዚያ አክስቷ። ሐዘን እየተቀባበላት ሠላሳ ዓመት በጥቁር አለፋት።

የልጄ ሬዲዮ ተንጫጫ። በዚያ መስመር ላይ የደሴቲቱ ካፒቴን ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ነው የሚውለው።

«ያኮቮስ፣ ውሃ ውስጥ ያለችው እናትህ ናት?»

«አዎ አጎቴ።»

«አሁኑኑ አውጥተህ ቤቷ አስገባት። ምራቋን የዋጠች ሴት በውስጥ ልብስ? አንገታችንን አስደፋችን እኮ። የወንድሜ አጥንት ይፋረዳታል።»

ልጄ ቁልቁል አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። እውነቱን ለመናገር፣ ውጪ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ከነክታሪስ ይልቅ ያ ነበር የሚገድለኝ። እሱ ግን መሰላሉ ላይ ተንበርክኮ የእጅ ሬዲዮውን አፌ ጋ አስጠጋልኝ።

«ነክታሪስ፣ አርጊሮ ነኝ» አልኩ። «ወንድምህን ሃያ ስምንት ዓመት አብልቼዋለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት አልቅሼለታለሁ። ከዚህ በላይ የሚያለቅስለት ካስፈለገ ራስህ ከል ልበስለት። ቀሚሴ ይኸው ወንበሩ ላይ አለልህ። ትንሽ ሆድህ ላይ ይጠብብህ ይሆናል።»

አንድ የማላውቀው ካፒቴን በሬዲዮው ሲስቅ ተሰማና ወዲያው ተቋረጠ።

«ዓይን አውጣ» አለ ነክታሪስ። «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ። ፋሲካንም ብቻሽን ትፈስኪያለሽ።»

ይሄ ወጋኝ። ከተዳርኩ ጀምሮ ከፎቲኒ ጋር ያልፈሰክሁት ፋሲካ የለም። በጉን አብረን ነው የምንጠብሰው፣ አብረን ነው ባሎቻችንን የምናማው።

«እሺ፣ ብቻዬን እፈስካለሁ» አልኩት።

ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ድንጋዩ ዋኘሁ። ውሃው መጀመሪያ ለብ አለ፤ ከዚያ እግሬን፣ ሆዴን፣ አንገቴን እያለ ሞቀኝ። ነጩ ልብሴ መቅላት ጀምሯል። ዕንባዬ መጣ፤ ይምጣ፣ እዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ማን ሊለየው።

ሬዲዮው እንደገና ጮኸ። ልጄ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶታል።

«አርጊሮ።» ቀጭን ድምፅ ነው፤ የነክታሪስ አይደለም። «አርጊሮ፣ ውሃው እንዴት ነው?»

ዞር አልኩ። ፎቲኒ ከባሏ አጠገብ የሬዲዮውን ማነጋገሪያ ይዛ ቆማለች። እሱ አፉን ከፍቶ ያያታል።

«ይሞቃል» ብዬ ጮህኩ።

ማነጋገሪያውን ለባሏ መለሰችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን ጥቁር ጫማዋን አወለቀች፣ ቀጥላም ሌላውን።