የወርዋሪው እጅ

ባሏ ወደ ሥራ ሲወጣ «ሌባ በዝቷል» ብሎ በሩን ከውጭ ይቆልፍባታል። ውላ የምታመሸው ከባሏ የቤዝቦል ቪዲዮ ጌም ጋር ነው፤ አንዱ የወረወረውን ኳስ ሌላው በዱላ የሚመታበት። ብቻውን መጫወት ሲሰለቸው ያስተማራት ራሱ ነው።

«ኳሷን አትከተያት፣ ትቀድምሻለች» ይላታል። «የወርዋሪውን እጅ እዪ። ገና ከእጁ ሳትወጣ በየት እንደምትመጣ ማወቅ አለብሽ። ስክሪኑ ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ ከገባች ምቻት፤ ካልገባች አሳልፊያት።»

እሷ ግን አትመታም። ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አድርጋ እጁን ብቻ ታያለች።

«ምቺ እንጂ! ምን ያፈዝሻል?»

«መጀመሪያ ማየቱን ልልመድ።»

አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ እንደበሉ፣ ፈራ ተባ እያለች «ነገ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነው። ደርሼ ልምጣ?» አለችው።

ከሶፋው ተነሳ። «በማን ስልክ ነው የነገሩሽ?»

ከሠርጋቸው ብርጭቆዎች ሳትሰበር የቀረችው አንዷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አነሳት።

ብርጭቆዋን አላየችም፤ እጁን አየች። ገና ከእጁ ሳትወጣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ብርጭቆዋ በጆሮዋ ሥር አልፋ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰች።

ባሏ ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አላት።