ከቴፒ የመጣው ጋርድ

በሚዛን ተፈሪ የካሣዬን የቅርጫት ኳስ ቡድን ሰው ሁሉ «አጥሩ» ይለዋል። ስሙን ያወጡት ደጋፊዎቹ ናቸው፤ ሲደሰቱም ሲናደዱም የሚጠሩት በዚሁ ነው። አጥሩ ሲጫወት ባላጋራ አያስቆጥርበትም። እሱም አያስቆጥርም።

ካሣዬ ጠዋት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ አሰልጣኝ ነው። በመከላከል ያምናል። ዓምና ግን ለዋንጫ ደርሶ በአንድ ቀጭን የቴፒ ተኳሽ ተሸነፈ። ቴዲ ይባላል። ካሣዬ ከዚያ ወዲህ የቴዲ ስም ከተነሳ ወሬ ይቀይራል። ዘንድሮ ደግሞ ዋንጫው ከቀረ ሜዳው የባጃጅ ማቆሚያ ሊሆን ነው የሚል ወሬ በከተማው ይናፈስ ጀምሯል።

በዚህ ላይ ጋርዱ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። ከሩቅ የሚያስቆጥረው፣ የባላጋራንም ተኳሽ የሚይዘው ሰው ማለት ነው።

ረዳቱ ሔዋን ማራናታ የሚባል የከተማውን ልጅ አመጣች። ማራናታ የወረወረው ሁሉ ገባ። መከላከል ላይ ግን ባላጋራው ሲመጣ ገለል ብሎ ያሳልፈዋል፤ ይቅርታ የጠየቀም ይመስላል።

«ጋሽ ካሣዬ፣ የሚያስፈልገን ይሄ ልጅ ነው» አለች ሔዋን።

«ይሄ ልጅ እንግዳ ተቀባይ ነው» አላት።

ማራናታ ተከፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቴፒ ሄደ፤ እዚያ በደስታ ተቀበሉት።

ካሣዬ የቴዲን ድክመት ለማጥናት ብሎ በሚኒባስ ቴፒ ወረደ። ቴዲና ጓደኞቹ ከአንድ የሰፈር ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበራቸው። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ኮፍያውን አነሳው፤ ቴዲን ማየቱንም ተወ።

ቴዲን የያዘው ልጅ አሞጽ ይባላል። እንዲህ ያለ ተከላካይ ካሣዬ በዕድሜው አላየም። ቴዲ ወደ ቀኝ ሲሄድ አሞጽ ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር አሞጽ ቀድሞት ደርሷል። ኳሱ ሌላ ጥግ ሲሄድ እንኳ አሞጽ ዓይኑን ከቴዲ ላይ አይነቅልም። የቴዲ ፊት በላብ ታጥቧል፤ ሰርቆ ሰርቆ ወደ ውጪው በር ያያል።

በዕረፍቱ ቴዲ ውኃ ሊጠጣ ሄደ፤ አሞጽ ተከተለው። መጸዳጃ ቤት ገባ፤ አሞጽ በሩ ላይ ቆመ። በሁለተኛው አጋማሽ ቴዲ ተቀይሮ ሲወጣ አሞጽም ቀይሩኝ አለና ሄዶ አጠገቡ፣ የባላጋራ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መግቢያው ዘንድ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሞጽን አይተው በጎ ነው እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ አገር ሽማግሌው ሁሉ መከላከል ይገባዋል» ብሎ ቀና ካሣዬ።

ጨዋታው እንዳለቀ የሰፈሩን አሰልጣኝ ሙሐመድኑርን ይዞ ሊለምን ተዘጋጀ። ልመናው አላስፈለገም።

«ውሰደው» አለ ሙሐመድኑር። «ከእኛ ጋር ብዙም አልቆየም፤ ራሱ መጥቶ ነው አሰልፉኝ ያለን።»

አሞጽም አላስቸገረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ኮች፣ ከቅዳሜ በኋላ ብመጣስ? እስከዚያ ሥራ አለብኝ።»

«ምን ሥራ?»

«ጥበቃ ነገር ነው።»

ካሣዬ ሳቀ። የተፈጠረበት ሥራ ነው ብሎ አሰበ።

ሔዋን ግን ነገሩ አልጣማትም። «እንዲህ ያለ ተከላካይ በነፃ የሚሰጥ አለ? ልጁ ሰላይ ነው» አለች።

«የማን ሰላይ?»

«የቴፒ ነዋ። የእኛን አጨዋወት አጥንቶ ሊነግራቸው።»

ካሣዬ ቢስቅባትም ነገሩ ከነከነው። አሞጽ ከቅዳሜ በኋላ ደረቱን ነፍቶ፣ ተኝቶ የጠገበ ሰው መስሎ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ዝናቡ ስላላባራ ልምምዱ ክፍል ውስጥ ወሬ ሆነ። ስልት መወራት ሲጀምር ሔዋን አሞጽን ውኃ አምጣ ብላ ትልከዋለች። ልጁ ሳያጉረመርም ይሄዳል። ይሄ ጨዋነቱ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራት።

የቴፒ ጨዋታ ደረሰ። የሚዛን ሰው ሜዳው ዙሪያ ሞልቷል። ካሣዬ የቴፒን ልጆች አንድ በአንድ አየ፤ ቴዲ የለም። ፈቃድ ወስዷል ተባለ። በቴዲ ቦታ የቆመው ማራናታ ነው።

ካሣዬ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። «አሞጽ፣ ያን ልጅ ያዝልኝ» አለ።

ፊሽካው ተነፋ። ማራናታ ኳሱን ተቀበለ፤ አሞጽ ራቅ ብሎ ቆሞ አየው። ማራናታ ወረወረ፤ ገባ። ደግሞ ተቀበለ፤ አሞጽ ጫማውን ያስር ነበር። ገባ። ሦስተኛውን ሲያስገባ አሞጽ ከደጋፊዎቹ ጋር ሊያጨበጭብ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

«አላልኩህም?» አለች ሔዋን።

«አጥሩ ፈረሰ» አለ ከኋላ አንዱ።

ካሣዬ ዕረፍት ጠየቀ። ልጆቹ ከበቡት። አሞጽን ትከሻውን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማነው የላከህ?»

«እርስዎ ነዎት ያመጡኝ፣ ኮች።»

«ታዲያ ቴዲን እንደዚያ እንደ መዥገር ተጣብቀህ የያዝክ ሰውዬ፣ ይሄን ልጅ ምነው ለቀቅከው?»

አሞጽ ግር ብሎት አየው።

«ቴዲን? እሱንማ እኅቴን እስኪያገባ ድረስ እንዳይጠፋብን አባቴ ጠብቀው ብሎኝ ነው።»