ከመጋረጃው ወዲህ

ሼህ ሙናዊር ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። «ልጄ ሪሐና፣ ፈርሀት እንዲያገባሽ ፈቅደሻል? ኒካሑን እንሰረው?» ሪሐና ፍራሹ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች መሬት መሬቱን ታያለች። መልስ የለም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼሁ። «ሙሽራ አፍራ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው፤ ወጉ ይኸው ነው።» ሁለቱ ምስክሮችም አልሐምዱሊላህ አሉ። ወጉ እንኳ የልጃገረድ ነው፤ የሪሐና ሆድ ደግሞ ከገፋ ቆይቷል። ሼሁ ይህን አጥተውት አይደለም። ነውሯን ልሸፍንላት ብለው ነው፤ ደግ ሰው ናቸው።

ከሪሐና ጎን የተቀመጠችው ሀስና እፎይ አለች። እውነቱን ለመናገር ደክሟታል። እሷና የመስጊዱ ሴቶች ከአማኑኤል ወረድ ብሎ ይህቺን አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ሳታስበው አርግዛ መግቢያ ያጣች ልጅ ሲያገኙ እዚህ ያስጠጓታል፣ ክትትል ያስጀምሯታል፣ ስትወልድ ያርሷታል። ሰው አይቶ የሚመርቃቸው ለዚህ ነው። የሐኪም ቤቱን ወረፋ፣ የአከራይዋን አሽሙርና የባሏን ኩርፊያ የምትችለው ግን ሀስና ናት። ባሏ «አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽ ቤት የት እንደሆነ ታስታውሻለሽ?» ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል።

ሪሐና ከአገር ቤቷ ከወረባቦ መጥታ ዱባይ ተራ ገበያ ጫማ ስትሸጥ ነው ከአሠሪዋ የእህት ልጅ ከፈርሀት ያረገዘችው። ለፈርሀት ስትነግረው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «ማናት ይቺ?» ብሎ ስቆ አለፈ። ሀስና ይህን ስትሰማ እንደልማዷ ሽማግሌ ላከች። የእነሱ መላ ይኸው ነው፤ ሰውየው ይለመናል፣ ይገሠጻል፣ በመጨረሻ ኒካሕ ይታሰራል፣ የሚወለደውም ልጅ አባት ያገኛል። ፈርሀት እምቢ ሲል ከርሞ፣ አጎቱ የሱቁን ቁልፍ ሊቀበለው ሲል ጊዜ እሺ አለ። የሪሐና ታላቅ ወንድም ከአገር ቤት በስልክ ኒካሑን እንዲያስሩለት ለሼሁ ውክልና ሰጠ። ሁሉም ተጠየቀ። ሪሐናን ግን እስከዛሬ የጠየቃት የለም፤ ሀስናም ብትሆን አልጠየቀቻትም።

«በሉ ልጁን ጥሩት» አሉ ሼሁ። ፈርሀት ደጅ ቆሞ ስልክ ያወራል፤ ከመንገዱ የተሸካሚዎች «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» ይሰማል።

ሀስና እንኳን ደስ አለሽ ልትላት ዞር አለች። እሷም በልጅነቷ ከመጋረጃ ጀርባ ተጠይቃ ዝም ብላ ነበር። ያኔ ግን ሳቋ እንዳያመልጣት ሻርፗን ነክሳ ነው። የሚያገባትን ሰው ገበያ እያየችው ወዳዋለች፤ አፏን የያዘው ሐፍረት ብቻ ነበር። እዚህች ልጅ ፊት ላይ ሐፍረት የለም። መርፌ ሊወጋ እንደተዘጋጀ ሰው ዓይኗን ጨፍና፣ ፍራሹን ጨብጣ፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

ሀስና ዝም ብትል ሁሉም ያልቅ ነበር። ሪሐና ወደ ባሏ ቤት፣ እሷም ወደ ቤቷ። ዝም ማለት በጣም ፈለገች።

«ሪሐና» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ትፈልጊዋለሽ?»

ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። «እምቢ ብል የት እገባለሁ፣ እትዬ?»

«እዚሁ ነዋ። ውጪ ያለሽ ሰው አለ?»

«ማንም አላለኝም። እርስዎ ደክሞዎታል። ሲገቡም ሲወጡም አያለሁ። እኔ ከሄድኩ ትንሽ ያርፋሉ ብዬ ነው።»

ሀስና ድካሟን የደበቀች መስሏት ነበር። ልጅቱ ለካ ልታገባ የተነሣችው ለእሷ አዝና ነው፤ ይህ ከአከራይዋ አሽሙር ሁሉ በላይ አሳመማት።

«ድካሙ የእኔ ነው፤ ተኝቼ ይለቀኛል» አለች። «አንቺ የጠየቅሁሽን መልሺልኝ።»

«አልፈልገውም።»

ሀስና ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። «ሼህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝም አለች እንጂ አልፈቀደችም።»

ከምስክሮቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ሆነው የተመላለሱት ጋሽ ሐምዱ፣ ቀና አሉ። «ለምነሽ የላክሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ? በዚህ ዕድሜያችን ዱባይ ተራ ደረጃ ለደረጃ ስታንከራትችን ከርመሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ከሁሉ በፊት እሷን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም።»

ሼህ ሙናዊር ወደ መጋረጃው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ከአፍሽ ልስማው።»

«አልፈልገውም፣ አባባ» አለች ሪሐና። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ሁሉም ሰማው።

«እንግዲያ ኒካሕ የለም» አሉ ሼሁና ተነሡ። ጋሽ ሐምዱ ጫማቸውን እስኪያጠልቁ ድረስ አጉረመረሙ። ደጅ ላይ የፈርሀት ድምፅ ከፍ አለ፣ ሌላ ድምፅ ዝም አሰኘው፣ ቀጥሎ የግቢው በር ተዘጋ። ሀስና የባሏን ፊት አሰበች፤ የአከራይዋን አሰበች፤ ከሁለት አንዳቸውን እንኳ ዛሬ ለማየት አቅም የላትም።

ተመልሳ ፍራሹ ላይ ዘፍ አለች።

«ሁሉም ይቆጡኛል፣ አይደል?» አለች ሪሐና።

«ይቆጡናል» አለች ሀስና፤ ትንሽ አረፍ ልበል ብላ እንደለበሰችው ጋደም አለች። ሪሐና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ እግሯን አለበሰቻት።