እፍኝ አፈር

የውሃ ሻጋታ የሚሉት በጭቃ የሚዛመት በሽታ የወንዝ ዳሩን ዛፍ መፍጀት ከጀመረ ወዲህ ጭቃ ይዞ ወንዝ መሻገር ክልክል ነው። በየደጃፉ መድኃኒት የተሞላ ሳፋ ተቀምጧል፤ እንግዳ «ቤት የእግዜር ነው» ከመባሉ በፊት «ጫማህን ንከር» ይባላል። የተሸካሚው እግር ጭቃ ያመጣል ተብሎ ሬሳም አይሻገርም። የአቶ ደርበው ባለቤት ጥሩዓለም ማዶ ሐኪም ቤት አርፋ እዚያው የተቀበረችው ለዚህ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ የዛፍ ሐኪሟ ማስተዋል መጣችና ከአቶ ደርበው ቤት በታች ወንዝ ዳር ያለውን የዶቅማ ዛፍ ቅርፊት በቢላ ፋቀችው። ጥቁር ፈሳሽ ወረደ።

«አባባ፣ በዚህ ወንዝ ጤነኛ ሆኖ የቀረው ይሄ አንድ ዶቅማ ነበር። ከማዶ የመጣ ሰው አለ?»

«ከጥሩዓለም አርባ የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም እግሬ እስኪላጥ ታጥቤ ነው የገባሁት።»

አልዋሹም። ጫማቸውንም ከዘራቸውንም ነክረዋል። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የመቃብሯን አፈር ግን እንዴት ብለው መድኃኒት ውስጥ ይንከሩት? ልብስ አጥባ ታርፍበት ከነበረው ከዚህ ዶቅማ ሥር «በይ፣ አገርሽ ገባሽ» ብለው ቀበሩት።

«ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ተቆፍሮ ይቃጠላል» አለች ማስተዋል።

አቶ ደርበው ከአርባው በኋላ አስተካክለው የለበሱትን ነጠላ አወረዱና እንደገና አዘቅዝቀው ለበሱት።